ተመስጦ ነው ወይስ እንቅልፍ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ 29 ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ዩቲዩብ እያየሁ ሜዲቴሽን ጀምሬያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋቢ ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ 20 ደቂቃ ትንፋሼን እከተላለሁ። አንዳንድ ቀን ትንሽ እንደቆየሁ እጄና እግሬ የት እንዳሉ ይጠፋኛል። ሐምራዊ ብርሃን ይታየኛል። ሰዓቱ ሳላውቀው ያልፋል። ወንድሜ ‹ተኝተሽ ነው› እያለ ይስቅብኛል። መንዝ ያሉት አያቴ ደግሞ ‹ብርሃን አየሁ ስትይ አልወደድኩትም፤ ተጠንቀቂ› ይሉኛል። የማዳምጠው ሙዚቃ ላይ ‹ወደ ቴታ ሞገድ ያስገባል› የሚል ተጽፏል። አንጎሌ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ሌላ የንቃተ ህሊና ደረጃ ላይ ደርሼ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ወንድምሽም አያትሽም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ከእውነት የራቀው ሙዚቃው ላይ የተጻፈው ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

እኔ የነርቭ ሐኪም ነኝ። አብዛኛው የሥራ ቀኔ የሚያልቀው ኢኢጂ በማንበብ ነው። ከራስ ቅል ላይ የሚነሳውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ማለቴ ነው። ያደግኩትም እዚያው ሰሜን ሸዋ ነው። በዚያ ብርድ ማለዳ ከአልጋ ወርዶ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እኔ ብሆን ባናዬን ተከናንቤ መልሼ እተኛ ነበር።

ኢኢጂ ምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ልንገርሽ። ከመንዝ የመጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። የሚጥል በሽታ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነው የተላከው። ያመጡት አያቱ ናቸው። ወንበር ብንሰጣቸው እምቢ ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ባለሙያዋ የልጁን ፀጉር እየከፈለች፣ ማጣበቂያ እየቀባች፣ ሞገዱን የሚለቅሙ 20 ገደማ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ደረደረችበት። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ደቃቅና ዝብርቅርቅ ያሉ ናቸው። «በል ዓይንህን ጨፍን» አለችው። ጨፈነ። ወዲያው ከኋላ በኩል ባሉት መስመሮች ላይ ሞገዱ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ መጣ። እኩል እኩል፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ ገደማ የሚወጣና የሚወርድ። «ግለጥ» አለችው። ጠፋ። «ጨፍን።» ተመለሰ። ሽማግሌው ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «የሚያስበውን ታዩታላችሁ እንዴ?» አሉኝ።

«አናይም አባቴ። ማኅሌት ሲቆም ከቅጥሩ ውጪ ሆነው እንደሚሰሙት ነው» አልኳቸው። ከበሮውና ጸናጽሉ አንድ ላይ ሲመታ ድምፁ ሩቅ ይሰማል። አገልግሎቱ አልቆ ሰዉ የየራሱን ጨዋታ ሲይዝ ግን ውጪ ላለ ሰው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ውስጥ የሚወራው ግን ያኔ ነው የሚበዛው። አንጎልም እንደዚያ ነው። እጅግ ብዙ የነርቭ ሴሎች አንድ ላይ ሲመቱ ሞገዱ ገዝፎ ይታያል። እያንዳንዱ በየሥራው ሲጠመድ ሞገዱ ይደቃል። ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን ለማየት የተመደበው የአንጎል ክፍል ሥራ ፈታ። ሥራ የፈቱት ሴሎች አንድ ላይ ማጨብጨብ ጀመሩ። ያ የሚያምረው ሹሩባ የሥራ ፈትነት ምልክት ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

ስሙ አልፋ ነው፤ በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመታ። አልፋ የተባለው መጀመሪያ የተገኘው እሱ ስለሆነ ነው። ያገኘው ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) የሰውየው ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ወጣት ወታደር ሳለ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። የዚያኑ ዕለት እህቱ ሩቅ አገር ሆና ክፉ ነገር ተሰምቷት አባቷን ቴሌግራም አስላከች። በርገር ከዚያ በኋላ ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሎ አመነ። ያንን የሚያስተላልፍ ኃይል አንጎል ውስጥ ሲፈልግ ኖረ። በ1924 የሰው አንጎል ሞገድ መዘገበ፤ በ1929 አሳተመው። የፈለገውን አላገኘም፤ ያገኘው ግን እኔን እንጀራ ያበላኛል።

እንግዲህ «በሜዲቴሽን አልፋ ውስጥ ገባሁ» የሚል ሰው ስትሰሚ ይህን አስታውሺ። ለአልፋ ዓይን መጨፈን ይበቃል። እናትሽ ሦስተኛዋን ቀድተው ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉም አልፋ አለ።

ቴታ ከእሱ ዘገም ይላል፤ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ነው። ነጋዴዎቹ የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲያንጎላጅ አልፋው ይበጣጠስና በምትኩ ዝርግ ያለ ቴታ ይመጣል። በሌላ በኩል «ከ100 ላይ 7፣ 7 እየቀነስሽ ቁልቁል ቁጠሪ» ብልሽና ብትጠመጂበት፣ ብዙ ጊዜ ከግንባር ከፍ ብሎ መሃል ላይ ሌላ ዓይነት ቴታ ይታያል። አንዱ የድብታ ነው፤ አንዱ የብርቱ ትኩረት። ስማቸው አንድ የሆነው ፍጥነታቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ነው። «ወደ ቴታ ያስገባል» የሚለው ሙዚቃ መናኸሪያ ቆሞ «ሰሜን ሸዋ! ሰሜን ሸዋ!» እያለ እንደሚጣራ ረዳት ነው። የቱ? ደብረ ሲና ነው ፍቼ? በሁለቱ ጆሮ ትንሽ የሚለያይ ድምፅ እያሰሙ አንጎልን ወደፈለጉት ሞገድ ለመሳብ የተሞከሩት ጥናቶችም ውጤታቸው እርስ በርሱ አይስማማም። ሙዚቃው ደስ ካለሽ አዳምጪው። ገንዘብ እንዳታወጪበት ብቻ።

ግንባር ላይ የሚታሰር፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ መለኪያም ይሸጣል። ልትገዢ አስበሽ ከሆነ አንድ ነገር እወቂ። የአንጎል ሞገድ ራስ ቅል ላይ ሲደርስ የቮልት ሚሊዮንኛ በአሥሮች የሚቆጠር ነው። አንድ የዓይን ብልጭታ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ግንባርሽን ቋጠር ስታደርጊም ጡንቻው መስመሩን ያጥለቀልቀዋል። እኛ እንኳ ያንን ሁሉ ኤሌክትሮድ ደርድረን «መንጋጋህን ላላ አድርግ፣ አታላምጥ» ስንል ነው የምንውለው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። መሳቁን ይተው እንጂ ያነሳው ነገር ቀላል አይደለም። በ1976 ሜዲቴሽን ለረጅም ጊዜ የሠሩ አምስት ሰዎችን ኢኢጂ አስረው ያጠኑ ተመራማሪዎች ነበሩ። ሰዎቹ ከተቀመጡበት ጊዜ ቀላል የማይባለውን ክፍል በእንቅልፍ አሳልፈውታል። ሽልብታም ብቻ አልነበረም፤ ጥልቅ እንቅልፍም ነበረበት። ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! አንቺ ደግሞ ከሌሊቱ እንቅልፍ ገና መነሳትሽ ነው። ጋቢ ተከናንበሻል። ሞቆሻል። ዓይንሽ ጨፍኗል። እንቅልፍ ባይመጣ ነው የሚገርመው።

ግን «ተኝተሽ ነው» ማለትም ነገሩን አይጨርሰውም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ጣርማበር ላይ ያለውን አስቢ። ከኋላሽ ደጋው ነው። ከፊትሽ ገደሉ፣ ከሥሩ ቆላው። ብዙ ቀን አፋፉ ላይ ጉም አለ። እዚያ የቆመ ሰው ደጋ ነው ቆላ ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ መልስ የለኝም። በንቃትና በእንቅልፍ መሃልም እንዲህ ያለ አፋፍ አለ። በአማርኛ ሰመመን ልንለው እንችላለን። አብዛኛው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ማለፉንም አያስታውስም። አንቺ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ትንፋሽሽን እያየሽ፣ አፋፉ ላይ እየቆየሽ ነው። የምትነግሪኝ ነገር ሁሉ እዚያ የሚታይ ነው።

እጅና እግር መጥፋቱን እንውሰድ። አንገትሽ ላይ ማተብ ካለ፣ ይህን እስክጠቅስልሽ ድረስ ይሰማሽ ነበር? አልነበረም። ቆዳ ላይ ያሉ ነርቮች በዋናነት ለውጥን ነው የሚያሳውቁት። ለውጥ ከሌለ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። አንጎልም «እጄ እዚህ ነው» የሚለው ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣውን ወሬ እየሰማ ነው። 15 ደቂቃ ሳትነቃነቂ ስትቆዪ ወሬው ይቀንሳል። እጅሽ አልጠፋም፤ ዜናው ነው የተቋረጠው። ጣትሽን አንዴ ብታንቀሳቅሺ ወዲያው ይመለሳል።

ብርሃኑም እንዲሁ። ማየት የሚሠራው የአንጎል ክፍል ዓይን ስለተጨፈነ ፀጥ አይልም። ከውጪ ነገር ሲያጣ ከራሱ ያወጣል። እንቅልፍ ዳር ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ነጠብጣብ፣ ደመና፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም፣ አንዳንዴ የሰው ፊት። ጤነኛ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው። ከተማሽ ራሷ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን በማየታቸው ነው ይባላል። የደብረ ብርሃን ልጅ ብርሃን አየሁ ብትል አይፈረድባትም! እያሾፍኩ ግን አይደለም። ቅዱሳን ስላዩት ብርሃን ኢኢጂ ምንም አይልም፤ እኔም በዚያ በኩል አልገባም። ያንቺ ሐምራዊ ብርሃን ግን ለእኔ የታወቀ የአፋፉ መብራት ነው።

አያትሽ «ተጠንቀቂ» ያሉት ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ይመጣል የሚለውን ትምህርት አስበው ይመስለኛል። የእኔም ምክር በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ይደርሳል። ብርሃኑን አትከተዪው። ነገም ይመጣ ይሆን ብለሽ አትጠብቂው። ሰው ብርሃን ማሳደድ ሲጀምር ሳያውቀው እንቅልፍን ማሳደድ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ያለው እዚያ ነው።

ንቃተ ህሊናን ስንናገር «ደረጃ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ፎቅ ይመስለናል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እኛ ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት ነገር ለይተን እናያለን። አንዱ ሰውየው ምን ያህል ነቅቷል የሚለው ነው። ሌላው ውስጡ ምን እየታየው ነው የሚለው። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። ሕልም የሚያይ ሰው ተኝቷል፤ ውስጡ ግን ሙሉ ሠርግ ይደገሳል። ዱካክ ተጭኖሽ ያውቃል? እሱ ዋናው ምሳሌ ነው። ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ ጊዜ አንጎል ጡንቻዎችን ይቆልፋል፤ ሕልማችንን እንዳንሠራው። አንዳንዴ ንቃቱ ቀድሞ ይመጣና ቁልፉ ይዘገያል። ክፍሉ ይታይሻል፣ ሰው ደረትሽ ላይ የተቀመጠ ይመስልሻል፣ መጮህ ግን አትችዪም። ግማሹ ነቅቷል፤ ግማሹ ሕልም ላይ ነው። ይህን «ከፍ ያለ ደረጃ» የሚል የለም። ያንቺም ከፍታ ወይም ዝቅታ የለውም። ድብልቅ ነው።

ታዲያ ሜዲቴሽኑ ራሱ የቱ ላይ ነው? እኔ የማምነው የሚከተለውን ነው።

ተመስጦ የሚለውን ቃላችንን ተመልከቺው። ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ሥሩ መንጠቅ ማለት ነው። «መሳጭ ድራማ» ስንል ነጥቆ የሚወስድ ማለታችን ነው። ስለዚህ በአማርኛ የምታስብ ሰው ሜዲቴሽን ስትጀምር ሳታውቀው መነጠቅን ትጠብቃለች። ሰውነቷ ሲጠፋ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ፣ «ያዘልኝ» ትላለች። አንቺ የምትሠሪው የትንፋሽ ሜዲቴሽን ግን ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። መነጠቅሽን አውቆ መመለስ ነው።

ይህን በደንብ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። በ2012 የወጣ ነው፤ አሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ነው የተሠራው። ልምድ ያላቸውን 14 ሰዎች የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው እጃቸው ላይ አንድ የሚጫኑት ቁልፍ ሰጧቸው። ሥራቸው 20 ደቂቃ ትንፋሻቸውን መከተል ነው። ሐሳባቸው መሄዱን ባወቁ ቁጥር ቁልፏን ጠቅ ማድረግ ነው። በቃ። ብልሃቱ ግን ትልቅ ነው። ጠቅ ካለችበት ቅጽበት ትንሽ ወደኋላ ስትሄጂ ሐሳቡ ተበትኖ የነበረበት ጊዜ ነው። ወደፊት ስትሄጂ የተመለሰበት ነው።

ሐሳባቸው ሲሄድ የሚሞቀው ሰው ሥራ ሲፈታ የሚነቃው የአንጎል መረብ ነው። ዲፎልት ሞድ ኔትወርክ ይባላል። ስለራስ የሚያስበው፣ ትናንትን የሚያመነዥከው፣ ነገን የሚፈራው፣ «እሷ እንዲህ ያለችኝ ምን ማለቷ ነው?» የሚለው እሱ ነው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንዲሉ፣ ዝም ስንል የምንሄደው ወደየጥሬያችን ነው። ብዙ እንሄዳለን ደግሞ። በ2010 የታተመ ጥናት ከ2,000 በላይ ሰዎችን ባላሰቡት ሰዓት በስልክ እየጠየቀ፣ ከተጠየቁበት ጊዜ 47 ከመቶ ገደማው ላይ ሐሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ውጪ ሆኖ አገኘው። ከዚያ «ወይኔ ሄጄ ነበር» የሚሉበት ቅጽበት ይመጣል። ያኔ ሌላ መረብ ይነቃል፤ አስፈላጊ ነገር መጣ ብሎ ደወል የሚደውለው። ቀጥሎ ትኩረትን የሚያዞረውና የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ይሠራል። ወደ ትንፋሽ ይመለሳሉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሄዳሉ።

አየሽ፣ ባለ ልምዶቹም ይሄዳሉ። ቁልፏ የተሰጠቻቸው እንደሚሄዱ ስለታወቀ ነው። አንቺ «ሐሳቤ ተበተነ፣ ዛሬ አልሆነልኝም» የምትዪበት ቀን ብዙ ጠቅ ያደረግሽበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ሳታውቂው ያለፈበት ጣፋጭ ቀን ደግሞ ቁልፏ ምናልባት አንዴም አልተነካችም።

ስለ መነኮሳቱ አንጎል የሚወራውን ሰምተሽ ይሆናል። በ1966 ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ዜን የሚባለውን የቡድሂዝም ዘርፍ የሚከተሉ መነኮሳትንና ደቀ መዛሙርትን አጥንተው ነበር። ዓይናቸው ገርበብ ብሎ እንኳ አልፋ ታየ፤ የቆዩት ላይ ቴታም መጣ። ተኝተው አልነበረም። ድምፅ ጠቅ ሲደረግ የሌላው ሰው አንጎል ጥቂት ጊዜ ደንገጥ ብሎ ይለምደዋል። የመነኮሳቱ ግን ሁሌም እንደ መጀመሪያው መለሰ ተባለ። ከእነሱ በፊት በ1961 ሕንድ ውስጥ ዮጊዎች (ዮጋ የሚሠሩ ባሕታውያን) ላይ የታየው ተቃራኒው ነው፤ አልፋው በምንም ድምፅ አልነቃነቅ ያለ። ሁለቱም ለወሬ ይጥማሉ። «አንዱ ለዓለም ክፍት፣ ሌላው ለዓለም ዝግ» ተብሎ ተጽፏል። በ1981 ግን በተሻለ ጥንቃቄ ሲደገም በሜዲቴሽን ሠሪዎቹና በሌላው ሰው መሃል ልዩነት አልተገኘም።

በ2004 ደግሞ የቲቤት ቡድሂዝም መነኮሳት ላይ ጋማ የሚባለው ፈጣን ሞገድ በጣም ከፍ ብሎ ታየ። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት የሠሩ። ጥናቱን አልንቀውም። ግን ጋማ ለእኛ ለኢኢጂ ሰዎች አስቸጋሪ ሞገድ ነው፤ ከጡንቻ ጋር ይመሳሰላል። በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ሰዎችን እንደነቁ ጡንቻቸውን በመድኃኒት ሽባ አድርገው፣ በማሽን እያስተነፈሱ ኢኢጂ አነሱ። በሴኮንድ ከ20 በላይ የሚመታው አብዛኛው ሞገድ ወደቀ። የአንጎል ሲባል የነበረው የራስ ቆዳና የፊት ጡንቻ ነበር። ከዚያ በኋላ «ጋማ ጨመረ» የሚል ዜና ሳይ መጀመሪያ የማስበው ግንባር መቋጠርን ነው።

«በስምንት ሳምንት አንጎል ይወፍራል» የሚለውም አለ። በ2011 የወጣ ትንሽ ጥናት ነው ያናፈሰው። በ2022 በብዙ ሰው፣ በተሻለ ማነጻጸሪያ ሲሠራ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ እሱንም ተዪው። ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም ግን ይረዳል፤ በ2014 የወጣ፣ 47 ሙከራዎችን ከ3,500 በላይ ሰዎች ጋር አንድ ላይ ያየ ግምገማ ከትንሽ እስከ መካከለኛ ጥቅም አግኝቷል። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። እኔ ይህን ዜና እወደዋለሁ። ልክ ያለው ነገር ነው።

ስለ ትንፋሽሽ ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ስትስቢ ልብሽ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስታስወጪ ዝግ ይላል። የደም ግፊትን የሚያስተካክለውም ሥርዓት የራሱ ምት አለው፤ ወደ 10 ሴኮንድ የሚጠጋ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ ስትተነፍሺ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ ልብ ምቱ በደንብ ይዋዥቃል፤ ሰውነት ይረጋጋል። በ2001 የወጣ ጥናት 23 ሰዎችን የካቶሊኮቹን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ከዚያም የቲቤቶቹን ማንትራ (እየደጋገሙ የሚሉትን የጸሎት ቃል) እንዲደግሙ አደረገ። ሁለቱም ሳይታሰብ ትንፋሹን ወደ ስድስት አወረዱት። የተለያየ እምነት፣ አንድ ምት። የእኛን የመቁጠሪያ ጸሎት የለካ ሰው ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ሥራ። መጀመሪያ፣ ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ አትዘግዪ። ቁጭ ባላልሽበት ጊዜም በድንገት ባለ ቀለም ክብ ብርሃን አንድ ጎን ላይ ከታየሽ። ምላስሽ ተነክሶ ከተገኘ። ሰዎች «ደቂቃ ያህል ፈዘሽ ነበር» ካሉሽ። እነዚህ የሚጥል በሽታ ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ ብርሃን ቀስ ብሎ ሰፍቶ ከዚያ ራስ ምታት ከተከተለ ማይግሬን ሊሆን ይችላል። «ከራሴ ውጪ ነኝ» የሚለው ስሜት ከተነሳሽም በኋላ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀሽ አቁሚና ሐኪም አማክሪ። እንቅልፍ እያነሰሽ ጉልበትሽ ግን እየጨመረ ከሄደም እንዲሁ። ከዚህ በፊት ድምፅ የመስማት ወይም ከፍተኛ የስሜት መዋዠቅ ታሪክ ያለው ሰው ያለ ሐኪም ረጅም ሜዲቴሽን ባይሞክር ይሻላል።

አንድ ደግሞ። በአካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል ያየ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል የሚመጣለት ትንፋሽ ላይሆን ይችላል፤ ያ ቀን ሊሆን ይችላል። ለጓደኛ ስትመክሪ ይህን አስቢ። ዓይንን ገልጦ፣ እየተራመዱ መሥራትም ይቻላል።

ላንቺ ግን የምለው ቀላል ነው። ጋቢውን ትከሻሽ ላይ ይሁን፤ ራስሽን አትሸፍኚው። ፊትሽን ታጠቢ፤ የደብረ ብርሃን ውኃ ከቡና ይበልጣል። ዓይንሽን ገርበብ አድርገሽ መሬት ተመልከቺ። አሁንም ካንጎላጀሽ ቁሚ። ማኅሌት የሚቆሙት ሊቃውንት መቋሚያ ይዘው ሌሊቱን የሚያነጉት በከንቱ አይደለም። እንቅልፍ ሲመጣ የአንገትና የጉልበት ጡንቻ ይከዳል፤ የቆመ ሰው ቶሎ ያውቀዋል። ደብረ ሊባኖስ ላይ ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው ጸለዩ የሚለውን ገድል አያትሽ በደንብ ያጫውቱሻል። አንቺ ግን 20 ደቂቃ ይበቃሻል።

ወንድምሽን ደግሞ በማስረጃ ዝም አሰኚው። የበር ቁልፍ በሁለት ጣትሽ ያዢ። ሥሩ ትሪ አድርጊ። ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደወትሮው ተቀመጪ። ከተኛሽ ጣትሽ ይላላል፣ ቁልፉ ትሪው ላይ ይወድቃል፣ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ሁሌ አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሁለት ነገር ጻፊ። ቁልፉ ወደቀ ወይስ አልወደቀም? ሐሳብሽ ሄዶ ስንት ጊዜ መለስሽው? ብርሃኑን መጻፍ አያስፈልግም።

መንዝ ስትሄጂ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥሽ። አያትሽ 41 ጊዜ እግዚኦታ ሲያደርሱ ፈቃዳቸውን ጠይቂና አጠገባቸው ተቀመጪ። ስልክሽን አውጥተሽ ደቂቃ ያዢ። በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሱ ቁጠሪና ላኪልኝ።